የጓሮ ፍሬ ወይስ የመስኖ ማሳ ፍሬ? አንቲኦክሲደንት ለሚፈልግ የጎጃም ሸማች

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ሲፈለግ ሁለት ዓይነት ሻጭ ይገኛል። አንደኛው ዘንድ ያለው በሳጥን ተጭኖ ከመስኖ ማሳ የመጣ ነው። መጠኑ እኩል፣ ቆዳው ጠንካራ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሁለተኛዋ ሻጭ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግታ ከጓሮዋ የለቀመችውን በመደብ በመደብ ከምራለች። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዳንዱም ከላይ የተሰነጠቀ። ዋጋው ግን የእሷ ይበልጣል። ለምን ሲሏት «ኬሚካል ያልነካው ነው» ትላለች።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ የጓሮው አንቲኦክሲደንቱ ብዙ ነው ይባላል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ተጨማሪ ብር መክፈል ያዋጣል?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልዩነት አለ። እንደ ፍሬው ዓይነት ግን በጣም ይለያያል። ለአንዳንዱ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው። ያው ገንዘብ ሌላ ፍሬ ቢገዛበት የበለጠ አንቲኦክሲደንት የሚያስገኝበት ጊዜም አለ።

ተክሉ ለራሱ የሚሠራው

አንቲኦክሲደንት የአንድ ነገር ስም አይደለም። ቫይታሚን ሲ አለበት፣ ቫይታሚን ኢ አለበት። ማንጎን ቢጫ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን፣ ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን፣ ዶቅማን የሚያጠቁረው አንቶሳያኒን፣ ፖሊፊኖል የሚባሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ከመጠን ሲያልፉ ሴል ይጎዳሉ። እነሱን የሚያበርዱት ናቸው አንቲኦክሲደንት የሚባሉት።

ተክሉ እነዚህን ውህዶች የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ፀሐይ ሲያቃጥለው፣ ትል ሲበላው፣ ሻጋታ ሲያጠቃው ራሱን የሚከላከልባቸው ናቸው። ዩሪያ በብዛት ያገኘ ተክል ናይትሮጅን ስለተትረፈረፈለት ማደግ ላይ ያተኩራል። ቅጠሉ ይለመልማል፣ ፍሬው ይገዝፋል፣ ለመከላከያ የሚያውለው ግን ይቀንሳል። በፍግና በኮምፖስት የሚያድገው ናይትሮጅኑን የሚያገኘው ቀስ እያለ ነው። መድኃኒት ስለማይረጭለትም ከትሉና ከሻጋታው ጋር ራሱ ይታገላል። ስለዚህ ፖሊፊኖሉ ከፍ የማለት ዕድል አለው። ተመራማሪዎች ለልዩነቱ ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው።

ጥናቶቹ አልተስማሙም

እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን 343 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ አሰላ። በኦርጋኒክ መንገድ፣ ማለትም ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና መድኃኒት፣ የበቀሉት ሰብሎች በፖሊፊኖል በልጠው ተገኙ። ፊኖሊክ አሲድ 19 በመቶ፣ ፍላቮኖል 50 በመቶ፣ አንቶሳያኒን 51 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። የፀረ ተባይ ርዝራዥ ደግሞ በመደበኛው ሰብል ላይ በአራት እጥፍ አዘውትሮ ተገኝቷል። ካድሚየም የሚባለው ጎጂ ብረትም በኦርጋኒኩ ላይ በ48 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን በአሜሪካ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን አይተው ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይበልጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘንም ብለው ነበር። በ2009 የለንደን ተመራማሪዎችም የ50 ዓመት ጽሑፎችን ፈትሸው ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። የስታንፎርዶቹም ቢሆኑ የፀረ ተባይ ርዝራዡ በኦርጋኒኩ ላይ እንደሚያንስ አልካዱም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ የምደርስበት ይኸው ነው። በቫይታሚን ሲ በኩል ልዩነቱ ትንሽና የሚዋዥቅ ነው። በፖሊፊኖል በኩል ኦርጋኒኩ የመብለጥ አዝማሚያ አለው። በርዝራዥ በኩል ግን ክርክር የለም። ስለዚህ የጓሮ ፍሬ ለመግዛት ጠንካራው ምክንያት ርዝራዡ ነው። አንቲኦክሲደንቱ ምርቃት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ከፍ ያለ ቁጥር ማለት በሰውነት ውስጥ ከፍ ያለ ጥቅም ማለት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የአንቲኦክሲደንት አቅም የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አወረደው። ምክንያቱ ቁጥሮቹ በሰው አካል ውስጥ ለሚሆነው ነገር ማስረጃ ስለማይሆኑና ነጋዴዎች ለማስታወቂያ ስለተጠቀሙባቸው ነው። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ከ29 ሺህ በላይ ወንድ አጫሾች በተሳተፉበት ሙከራ የቤታ ካሮቲን ክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ጨምሮ ተገኝቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ስለዚህ «አንቲኦክሲደንት» ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን ለፍራፍሬ አውሉት።

ጎጃም ውስጥ ኦርጋኒክ የሚባለው የትኛው ነው?

በሕግ ደረጃ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ጉልት ላይ ግን የምስክር ወረቀት የሚያሳይ የለም። ያለው የሻጩ ቃል ነው። ስለዚህ ጠያቂ መሆን ያስፈልጋል።

በእኛ አካባቢ ብዙው የጓሮ ፍሬ ዩሪያ የማያገኘው ማንም ኦርጋኒክ ላድርገው ብሎ ስላሰበ አይደለም። ማዳበሪያው ለበቆሎና ለጤፍ ስለሚሄድ ነው። «እናቴ፣ ምን አድርገውበት ነው የበቀለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ «ፍግ ብቻ ነው ልጄ፣ ዩሪያውማ ለበቆሎውም አልበቃን» ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ወረቀት አልጠብቅም።

ተጠንቀቁ የምላችሁ ሌላ ነገር አለ። በባሕር ዳር ዙሪያና በሌሎችም ቦታዎች የጓሮ ፍራፍሬ ከጫት ጋር ጎን ለጎን እየተተከለ ነው። ጫት ይረጫል። ዘይቱኑና ሎሚው ላይ ማንም ሆን ብሎ አልረጨም፤ ነገር ግን በነፋስ የመጣው አይቀርለትም። ስለዚህ «የጓሮ ነው?» ከሚለው ቀጥሎ «ጫት አጠገቡ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ገበሬው ያውቀዋል፤ በትሕትና ከጠየቃችሁት ይነግራችኋል።

ቲማቲም፦ ጨምራችሁ ክፈሉበት

ለምግብ ስንሠራው እንደ አትክልት እንቆጥረዋለን እንጂ ፍሬ ነው። ንጽጽሩ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ካምፓስ ለአሥር ዓመት ጎን ለጎን የተመረተ ቲማቲም ተነጻጽሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። በኦርጋኒኩ ላይ ከርሴቲን የሚባለው ፖሊፊኖል በአማካይ 79 በመቶ፣ ኬምፕፌሮል የሚባለው ደግሞ 97 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ አፈሩ በፍግ እየዳበረ፣ የሚጨመረውም ፍግ እየቀነሰ ሲሄድ ሰፋ።

የእኛን ሁኔታ ስናይ ምክንያቱ ይጠነክራል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ አገራችን ከገባ ወዲህ የመስኖ ቲማቲም ርጭቱ በዝቷል። ቅጠሉን የሚያደርቀው በሽታም አለ። ገበሬው ካልረጨ ማሳው ባዶ ሊቀር ይችላል፤ አይፈረድበትም። ችግሩ በተረጨና በተለቀመ መካከል ያለው ቀን ሲያጥር ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛት አለው፤ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ዋጋ ሲወደድ ግን የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ቲማቲም ደግሞ ከነቆዳው ነው የምንበላው።

የጓሮው በቀለምም ይለያል። ብዙውን ጊዜ ተክሉ ላይ ቀልቶ ነው የሚለቀመው። ከሩቅ የሚጓዘው እንዳይፈርጥ ሲባል አረንጓዴነቱ ሳይለቅ ይቀጠፋል፤ ከዚያ በመንገድ ይቀላል። ላይኮፒን ከመቅላቱ ጋር ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ስትገዙ ቁረጡና ውስጡን እዩ። ውስጡ ነጣ ያለ፣ ቆዳው ብቻ የቀላ ከሆነ ገና ነው።

ጨምራችሁ የገዛችሁትን ደግሞ በዘይት አብስሉት። ላይኮፒን በዘይት ሲበስል ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ስልስ ለጾም ብቻ የተሠራ ምግብ አይደለም። ቫይታሚን ሲ ስለሚቀንስ ግን አንዳንዴ ጥሬውን በሰላጣ መብላትም ጥሩ ነው።

ማንጎ፦ ከኦርጋኒኩ ይልቅ አበሳሰሉን ጠይቁ

በእኛ አካባቢ ያለው ማንጎ ብዙው ከዘር የበቀለ ረጅም የጓሮ ዛፍ ነው። ዩሪያ አያገኝም። ነጩ የማንጎ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ላይ ከታየ በኋላ ወደ አማራ ክልልም ደርሷል፤ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ፍሬው ላይም ጠቃጠቆ የሚያደርገው እሱ ነው። ያን የሚያህል ዛፍ ላይ ወጥቶ መርጨት ግን ለአርሶ አደር ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንዱ ማንጎ ኦርጋኒክ ነው ተብሎ ዋጋው ሲጨመር፣ አጠገቡ ያለው ርካሹም ኦርጋኒክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቆዳውም አይበላም። ጨምሬ አልከፍልም።

የሚያሳስበኝ ካርባይድ ነው። ብየዳ ቤት የሚታወቀው ካርባይድ እርጥበት ሲነካው ጋዝ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ፍሬውን በግድ ያስበስለዋል። ዕቃው ለምግብ የተሠራ ስላልሆነ አርሴኒክና ፎስፈረስ የመሰሉ ቆሻሻዎች ሊኖሩበት ይችላሉ። ጥሬውን ተቀጥፎ በካርባይድ ቢጫ የሆነ ማንጎ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ሐመር ነው። ማንጎ እየበሰለ ሲሄድ ቤታ ካሮቲኑ ይጨምራል። ላዩ ብቻ ቢጫ የሆነ ማንጎ ግን ያንን ጊዜ አላገኘም።

መለያው አፍንጫ ነው። በእንጨቱ በኩል አሽቱት። ሽታው ጣፋጭ ሆኖ ካልመጣ፣ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢጫ ከሆነ፣ ተዉት። በአንድ ወገኑ አረንጓዴ፣ በሌላው ቀላ ያለ፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚል፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ማንጎ ጠቃጠቆ ቢኖርበትም ግዙት። ቫይታሚን ሲን በተመለከተ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ማንጎ ሲበስል ይቀንሳል። ለቫይታሚን ሲ ብላችሁ ከሆነ ወደ ዘይቱን እንሂድ።

ዘይቱን፣ ብርቱካንና ሎሚ

መቶ ግራም ዘይቱን ወደ 228 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው። ያን ያህል ብርቱካን ያለው 53 ገደማ ነው። ፓፓያ 60 ይጠጋል። እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሉ። በኦርጋኒክና በመደበኛ ብርቱካን መካከል ያለው የቫይታሚን ሲ ልዩነት ጥቂት በመቶ ሲሆን፣ ዘይቱን በብርቱካን ላይ ያለው ብልጫ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ከሩቅ የመጣ ብርቱካን ኦርጋኒክ ነው ተብሎ በውድ ከመግዛት ሰፈር የበቀለ ዘይቱን በርካሽ መግዛት ይሻላል። ውስጡ ቀይ የሆነው ከሆነ ላይኮፒንም ይጨምርላችኋል። ዘይቱን ከነቆዳው ስለሚበላ የጫቱን ጥያቄ እዚህ ላይ አትርሱ።

ሎሚ ሲነሳ ዘጌን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የዘጌ ሰው በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት መሬቱን በበሬ ሳያርስ፣ ደኑን ጠብቆ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ሲተዳደር ኖሯል። በዛፍ ጥላ ሥር፣ በራሱ ቅጠል ብስባሽ የበቀለ ሎሚ ኦርጋኒክ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ካገኛችሁት ግዙት። ሎሚ ግን ጭማቂው ስለሆነ የሚበላው በርዝራዥ በኩል የሚያሳስብ ትንሽ ነው። ሌላውንም ሎሚ በፍርሃት አትተዉት። ጨምቃችሁ አታሳድሩት እንጂ።

አቮካዶና ሙዝ

አጭር ልበል፤ ለኦርጋኒክ ተብሎ ጨምሮ መክፈል አያስፈልግም። የአቮካዶ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ይጣላል። ከቆጋ መስኖ የሚመጣው ሃስ የሚባለው ዝርያም ሆነ የጓሮው ትልቁ አቮካዶ ሉቲን የሚባለውን አንቲኦክሲደንትና ቫይታሚን ኢ ይሰጣል። ስቡ ደግሞ ከቲማቲምና ከካሮት የምታገኙትን ካሮቲን ሰውነታችሁ እንዲወስድ ያግዛል። ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭ ነው የሚመጣው። በአንቲኦክሲደንት ከተባለ ሙዝ ከፊት የሚሰለፍ ፍሬ አይደለም፤ ለጉልበትና ለፖታሲየም ብሉት።

ፖም

ከውጭ የሚገባው ቀይ ፖም ብዙውን ጊዜ ቆዳው ሰም ተቀብቷል፤ በቀዝቃዛ መጋዘንም ወራት ሊቆይ ይችላል። የፖም ከርሴቲን ያለው በአብዛኛው ልጣጩ ላይ ነው። እዚህ ላይ ሸማቹ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ልጣጩን ሲበላ ርዝራዡ አለ፣ ሲልጠው አንቲኦክሲደንቱ ይሄዳል። ከአዊ ደጋ የሚወርደው ትንሹ ፖም ከተገኘ ጨምሬም ቢሆን እሱን እመርጣለሁ፤ ያለ ጭንቀት ከነልጣጩ ይበላልና። መግዛት ያለባችሁ የውጭውን ከሆነ ስለ ማጠቡ ከታች እነግራችኋለሁ።

ማንም ያልረጨው ጥቁር ፍሬ

ዶቅማ፣ አጋም፣ የዱር እንጆሪ። በወቅታቸው ሕፃናት በመንገድ ዳር በጣሳ ይሸጧቸዋል። ምላስን ሐምራዊ የሚያደርገው የዶቅማ ቀለም አንቶሳያኒን ነው። የ2014ቱ ጥናት ልዩነቱን ሰፊ አድርጎ ካገኘባቸው ውህዶች አንዱ። ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመራው የካሊፎርኒያ የስትሮበሪ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2010 ኦርጋኒኩ በቫይታሚን ሲና በፊኖሊክ ውህዶች በልጦ እንደተገኘ አሳይቷል። እዚያ አገር ሰው ያን ብልጫ ለማግኘት ጨምሮ ይከፍላል። እኛ ዘንድ ዩሪያም ርጭትም የማያውቀው ፍሬ በጣሳ እየተሸጠ በመኪና መስኮት አይተነው እናልፋለን። የልጅ ምግብ ነው ስለሚባል አዋቂ አይገዛውም። ይኼ በጣም ያሳዝነኛል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ መኪናውን አቁሙና ግዙ። ከመንገድ አቧራው ስለማይቀር ቤት ወስዳችሁ እጠቡት።

ስለ ማጠብ፣ ስለ ማስቀመጥና ስለ ጁስ

የመስኖ ቲማቲም የገዛ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 በፖም ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ላይ ላዩ ያለውን ፀረ ተባይ ከተራ ውኃ በተሻለ አስለቅቋል። የተሞከሩት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው፤ ወደ ልጣጩ ውስጥ የገባውንም አላወጣውም። ቢሆንም ቤኪንግ ሶዳ ርካሽ ነው፣ ከሱቅ አይጠፋም። ከሌለም በሚወርድ ውኃ እያሻሹ ማጠብ ብዙ ነገር ያነሳል። በሳሙና አትጠቡት፤ ቆዳው ሳሙናውን ሊመጥ ይችላል።

ለሳምንቱ አንዴ ገዝቶ መጨረስ ልማዳችን ነው። ቫይታሚን ሲ ግን በሙቀት፣ በብርሃንና በቀናት ብዛት ይቀንሳል። ዛሬ የተቀጠፈ የመስኖ ዘይቱን ቤት ውስጥ ብዙ ቀን ከሰነበተው የጓሮ ዘይቱን ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሻጭን «መቼ ተለቀመ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥቂት ጥቂት ግዙ።

ጁስ ቤት ስትገቡ ደግሞ ስፕሪሱ ላይ ስኳር ሳይጨመር ጠይቁ። ጠዋት ተፈጭቶ በጆግ የተቀመጠውን ሳይሆን ፊት ለፊታችሁ የሚፈጨውን እዘዙ። ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆው ውስጥ ይጨመቅላችሁ።